በነጥብ የመጣ ውሃ

ጋሽ ወርቅነህን ቀብረን በተመለስንበት ከሰዓት፣ ለቡ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ በተተከለው ድንኳን ስር ንፍሮ ዘግነን ተቀምጠናል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ሚኪያስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «የቅዳሜው ቡድናቸውስ እንዴት ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። የሰማን ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ አየሁና «ባለበት ይጫወታል እንጂ ምን ይሆናል» አልኩት።

ለማያውቀን ሰው ይህ ነውር ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ጋሽ ወርቅነህን እናውቃቸዋለን። ቀብራቸው ላይ አበባ ቢቀመጥ ባይቀመጥ ግድ የማይሰጣቸው፣ ቡድናቸውን ብንነካባቸው ግን ከተኙበት ተነስተው የሚጣሉን ሰው ነበሩ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ብሎካችን ውስጥ ሰባት ሆነን ፋንታሲ እንጫወታለን። የፈረንጅ ሊግ ተጫዋቾችን መርጠን በስልካችን ላይ የየራሳችንን ቡድን እንሠራለን፤ የመረጥነው ሰው ሜዳ ላይ ጎል ሲያገባ ነጥቡ ለእኛ ይቆጠራል። እኛ ጋ ታዲያ ሁሉም ያሻውን አይወስድም። አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ከወሰደው ለሌላው የለም። ስለዚህ የውድድሩ ዘመን ሊጀመር ሲል፣ ለበዓል በግ ማረጃ ተብሎ በተሠራው የጋራ ቤት ውስጥ እንሰበሰብና ዕጣ አውጥተን በተራ እንመርጣለን። ሁላችንም ቤት በዕጣ የደረሰን ሰዎች ስለሆንን ዕጣ ላይ ቀልድ አናውቅም።

ሽልማቱ ውሃ ነው። ብሎካችን ውሃ የምታገኘው ማክሰኞ ማክሰኞ ሲሆን፣ የመጣችው ውሃም ጉልበቷ ከግቢው ቧንቧ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ የእኛ ዕዳ ነው። እናም ሕግ አወጣን፤ በሳምንቱ ጨዋታ መጨረሻ የወጣ ሰው፣ ማክሰኞ ለአንደኛው ሰው ውሃ ተሸክሞ ቤቱ ድረስ ያደርሳል። ባልም ሆነ ልጅ ተክቶ መሸከም ክልክል ነው። በዚህ ሕግ ምክንያት ከሰባቱ ብቸኛዋ ሴት እኔ በስንት ትግል ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ግን አንድም ሰው «ሴት ናት» ብሎ አልራራልኝም። ለዚህ የተከራከሩልኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው።

እሳቸው የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ፣ ጫፉ ላይ ነበር። ውሃው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሳቸው ነው። ግን ሊጉ ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ሳምንት አንደኛ ወጥተው አያውቁም። መጨረሻማ ለምደውታል። ከበራቸው ጀርባ አንዲት ነጭ ባዶ ጀሪካን ትቀመጥ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «ቦታ ያዘችብኝ» እያሉ ስንት ጊዜ ሊያስወግዷት ሞከሩ፤ እሳቸው እሺ አላሉም። በነጥብ ያልመጣ ውሃ አይገባባትም። «ይቺ ጀሪካን በነጥቤ ሳትሞላ ከዚህ ብሎክ አልወጣም» ይሉ ነበር፣ ደረት ነፍተው።

ለምን አይሳካላቸውም ነበር ቢባል፣ ተጫዋች የሚመርጡት በእልህ ስለሆነ ነው። በራሳቸው እልህ አይደለም፤ በተጫዋቹ እልህ። እኛ ሌሎቻችን ባለፈው ዓመት ማን ስንት አገባ፣ ማን ስንት አቀበለ ብለን እንመርጣለን። ጋሽ ወርቅነህ የሚጠይቁት ሌላ ነው። ማን ተሰደበ? ማንን ደጋፊው አፏጨበት? የትኛውን ልጅ አሠልጣኙ ካሜራ ፊት አዋረደው? እንዲህ ያለውን ሰው ሲያገኙ እንደ ሎሚ መርጠው ያነሱታል።

ይህን ዕውቀት ያመጡት ከሥራቸው ነው። መኪና አስተማሪ ነበሩ። ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ ማሠልጠኛ ውስጥ፣ ለአስተማሪው የብቻው ፍሬን የተገጠመለት አንድ አሮጌ ነጭ መኪና ይዘው፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ፍሪሲዮን አለቃቀቅ አስተምረዋል። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ። ሥራዬ ኢንሹራንስ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስንት እንደሚያወጣ ስገምት እውላለሁ፣ መንዳት ግን አልችልም ነበር። አንድ ቀን ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናዋን እንደ እንቁራሪት ሳዘልላት፣ ቢሮ ማን እንዳስቀየመኝ ጠየቁኝ። ያን ቀን ጠዋት አለቃዬ ለእኔ የሚገባውን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥቶብኝ ነበር። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩም። በምን አወቁ ብላቸው፣ እግርሽ ነገረኝ አሉ። ከዚያም መንገዱን እያዩ «እልሁን እንዳትጥዪው፤ አስቀምጪው፤ ለፈተና ይሆንሻል» አሉኝ። እውነትም የመንጃ ፈቃድ ፈተናዬን ያለፍኩት አለቃዬን እያሰብኩ ነው።

በእሳቸው አባባል እልህ ማርሽ አለው። አንደኛ ማርሽ ላይ ያለ እልህ ጩኸት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን ፈቀቅ አይልም። ለጋዜጠኛ ሁሉ የሚያማርር ተጫዋች ሲያዩ «ገና አንደኛ ላይ ነው፤ ተወው» ይላሉ። የኋላ ማርሽ የገባለት ደግሞ ቀይ ካርድ ነው የሚያይላችሁ፣ እንዳትጠጉት። የሚፈልጉት አራተኛውን ነው። አራተኛ ላይ የደረሰ እልህ ድምፁ አይሰማም፤ ሰውየው ዝም ብሎ ጫማውን አጥብቆ ያስራል። የተጫዋች ዋጋው ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው ይሉን ነበር። እኛም ወረቀታችንን ይዘን በየሳምንቱ እናሸንፋቸው ነበር።

ኳስ ማሳያ ቤት ከእሳቸው ፊት መቀመጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሰው ሁሉ ኳሷን ሲያይ እሳቸው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያሉትን ነው የሚያዩት፤ ካሜራው ወደዚያ ዞር ሲል ደስ ይላቸዋል፣ ወደ ጨዋታው ሲመለስ ይበሳጫሉ። ተከላካይ በፍጥነት ወደ አጥቂ ሲሮጥ ካዩ ደግሞ ቀኝ እግራቸው ሳያዝዙት ፍሬን ይይዛል። ፍሬኑ የፊተኛው ሰው ወንበር ነው። እድሜ ልክ የሰው ፍሬን ሲይዙ የኖሩ ስለሆኑ ማንም አይቀየማቸውም። እኔንም አንዴ ወገቤን አግኝተውኝ «ይቅርታ ልጄ፣ ሊገጭ ነበር እኮ» አሉኝ።

የመጨረሻው ምርጫችን ዕለት የአንደኛነቱ ዕጣ ለእሳቸው ወጣ። ያለፈውን ዓመት ኮከብ ጎል አግቢ ሊወስዱ ነው፤ ዘንድሮማ አበቃልን አልን። ጋሽ ወርቅነህ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልካቸውን ራቅ አድርገው አዩ፣ ከዚያ አንድ ስም ጠሩ። የጠሩት አኩራፊውን ነው።

አኩራፊው ያልነው እኛው ነን። የቀድሞ ክለቡ አይረባም ብሎ የሸጠው፣ የሄደ ዕለት ደጋፊዎቹ «ተገላገልን» ብለው ያጨበጨቡበት፣ አዲሱ አሠልጣኝ ደግሞ ገዝቶ ወንበር ያስሞቀው የክንፍ ተጫዋች ነው። ካሜራ ባገኘው ቁጥር ከንፈሩን ጥሎ ነው የሚታየው። ሚኪያስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ግን እንደ ሙያዬ ልመክራቸው ሞከርኩ፤ ይህን ልጅ በመጨረሻው ዙርም ማንም አይነካብዎት፣ የመጀመሪያ ምርጫዎን አያቃጥሉት አልኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦

«ሰብለ፣ አንቺ የምትገምቺው የቆመ መኪና ነው። እኔ የማየው የሚነዳውን ሰው ነው።»

ኮከብ ጎል አግቢውን ሁለተኛ ዕጣ የደረሰኝ እኔ ወሰድኩት። ልጁ በየሳምንቱ አገባልኝ። አኩራፊው በየሳምንቱ ተቀመጠ። ጋሽ ወርቅነህም በየሳምንቱ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ውስጥ አሰለፉት፣ ዜሮ አመጣላቸው፣ እሳቸውም ውሃ ተሸከሙ።

ከዚያ ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ ደረጃ እንዲቀንሱ፣ ሸክም ደግሞ ጨርሶ እንዳይነኩ አዘዛቸው። ማስተማሩንም ተዉ። ከሆስፒታል እንደወጡ ሁላችንም ሄደን፣ ከእንግዲህ ውሃዎን በየተራ እኛ እናወጣለን አልናቸው። እትዬ አስካለ እግዚአብሔር ይስጥልን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ወርቅነህ ቀደሟቸው። ለቤቱ የሚሆነውን ውሃ ሰው ከፍለው ያስወጣሉ፤ ከእኛ የሚቀበሉት ግን በነጥብ የመጣ ከሆነ ብቻ ነው። «ታምሜያለሁ እንጂ ከሊጉ አልወጣሁም» አሉን።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ ወርቅነህ መጨረሻ፣ ሚኪያስ አንደኛ ወጡ። የዚያን ማክሰኞ ነገር ብሎካችን አይረሳውም። ሐኪሙ ሸክም አለ እንጂ ሃይላንድ አላለም ብለው ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ከግቢው ቧንቧ ሞሉ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ደረጃውን ጀመሩ። በየፎቁ ማረፊያ ላይ ይቆማሉ፤ በሩ ክፍት የሆነን ሰው ሁሉ ስለ አኩራፊው ያጫውታሉ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ ይቀጥላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ደርሰው የሚኪያስ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጡና እንደገና ይወርዳሉ። ሚኪያስ በሩ ላይ ቆሞ ሊያለቅስ ደረሰ። ይበቃኛል ጋሽዬ፣ ውሃ አልፈልግም፣ ቤት ውስጥ ሞልቷል ቢላቸው፣ ሕጉ ስንት ይላል ብለው ጠየቁት። ጀሪካን ሙሉ ይላል። ጀሪካኑ እስኪሞላ ከሰዓቱ አለቀ። እትዬ አስካለ ከላይ ሆነው የደረጃውን መደገፊያ ብረት ተደግፈው ያዩዋቸው ነበር። እኔ ያን ቀን ተናድጄባቸው ነበር። ሰው በጨዋታ ምክንያት ራሱን ይገድላል እንዴ እያልኩ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

በዚህ ምክንያት ተማከርንና መላ ዘየድን። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስታችንም ደህና ደህና ተጫዋቾቻችንን አስቀምጠን የማይሰለፉትን አሰለፍን። ጋሽ ወርቅነህ በሰፊ ልዩነት አንደኛ ወጡ። መጨረሻ የወጣው ሚኪያስ ውሃውን በደስታ እያፏጨ አራተኛ ፎቅ አደረሰ። ጋሽ ወርቅነህ በሩን ከፍተው ውሃውን አዩ፣ ሚኪያስን አዩ፣ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡና የስድስታችንንም ቡድን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«የስድስታችሁም አጥቂ በአንድ ቀን ታመመ?»

ሚኪያስ ውሃውን ተሸክሞ አራት ፎቅ መልሶ አወረደ። ማታውኑ የሊጋችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በድምፅ አንድ መልእክት ላኩልን። ቁጣ አልነበረውም፤ እንዲያውም ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «ውሃ ብታመጡልኝ ውሃ ነው የምጠጣው። ስታሸንፉኝ ግን ሰው ነኝ። እባካችሁ እኔን ማሸነፍ አትተዉ።» ይህን ስሰማ በሬን የዘጋሁበት ቀን ገባኝ። ሰውየው ሊሞት የሚሸከም መስሎኝ ነበር፤ ለካ አልሞትኩም ለማለት ነው የተሸከመው።

ከዚያ በኋላ ያለ ርኅራኄ አሸነፍናቸው። ደግነቱ ከዚያ ወዲህ መጨረሻ የወጡት ጥቂት ጊዜ ነው፤ መሃል ላይ እየተንገዋለሉ ሰነበቱ። ጀሪካኗ ባዶዋን ከበሩ ጀርባ ቆየች። አኩራፊው ወንበሩን አሞቀ። በመጨረሻው ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ ተደግፈው አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ፤ አኩራፊው ልምምድ ሜዳ ላይ ጫማውን ያስራል። ከዚያ በቀር ምንም የለውም። «ቅዳሜ ከቀድሞ ክለቡ ጋር ነው ጨዋታው» አሉኝ። «አራተኛ ገብቷል።» ተጫዋቹ እንደማይሰለፍ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ከአልጋ ልብሱ ስር ቀኝ እግራቸው ፍሬን ሲይዝ ታየኝ።

ሐሙስ ቀበርናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሚኪያስ የጠየቀኝን ለሌሎቹም አነሳሁት። አንዱ፣ ለነፍሳቸው ብለን ዘንድሮ እንኳ እናስቀድማቸው አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። የድምፁን መልእክት አስታወስኳቸውና በኳስ ማንም እንዳያዝንላቸው ተማማልን። ዓርብ ማታ ቡድኔን ሳሰልፍ ያለኝን ሁሉ ነው ያሰለፍኩት።

ቅዳሜ ሠልስት ነበር። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። እኔ ስልኬን ነጠላዬ ስር ደብቄ ውጤቱን አልፎ አልፎ አያለሁ፤ ሚኪያስ ከወንዶቹ መሃል ሆኖ ጋቢው ውስጥ ያያል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ አሠልጣኙ ሌላ ሰው ስላጣ ይመስለኛል አኩራፊውን አስገባው። ትንሽ ቆይቶ አገባ። ሚኪያስ ከጉሮሮው እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ አመለጠው። ጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ ኀዘን ያንገበገበው መስሏቸው ትከሻውን እየደባበሱ «በቃ ልጄ፣ በቃ፤ አይዞህ» አሉት። ደግሞ ሁለተኛ አገባ። ሚኪያስ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። አሁን እውነቱን ነው የሚያለቅሰው። ሽማግሌው ለሌላው ሰው «እንደ አባቱ ነበር የሚያየው መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ፤ አልተሳሳቱም።

አኩራፊው ሁለተኛውን ካገባ በኋላ ወደ ቀድሞ ደጋፊዎቹ ሮጦ ማሊያውን አወለቀ። ቢጫ ካርድ ሰጡት፣ አንድ ነጥብም ተቀነሰበት። ጋሽ ወርቅነህ ቢኖሩ «ይሄ ሦስተኛ ማርሽ ነው፤ ቶሎ ወረደ» ብለው እንደሚወቅሱት አውቃለሁ።

እሁድ የእኔ ኮከብ ጎል አግቢ ዕረፍት ተሰጠው። ሌሎቹ ተጫዋቾቼም ተከታትለው ነጥብ ነፈጉኝ። ሰኞ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ጋሽ ወርቅነህ በአንድ ነጥብ ብልጫ አንደኛ ናቸው። እኔ መጨረሻ ነኝ። ሰሌዳውን ደጋግሜ አየሁት። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ በሞተ ሰው መሸነፍ ያማል። ሳቁ የመጣው በኋላ ነው፤ ለቅሶው ከሳቁ ጋር ተያይዞ መጣ።

ማክሰኞ ውሃ መጣች። ባለቤቴ ልሸከምልሽ አለኝ፤ ሕጉን ስለሚያውቅ አላደረቀኝም። ጀሪካኑን ሞልቼ ደረጃውን ጀመርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፍኩ። ሦስተኛ ላይ ሚኪያስ በሩን ከፍቶ ቆሞ ሳልፍ አየኝ፤ ሊረዳኝ እጁን አልዘረጋም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ጀሪካኑን አስቀምጬ በሩን አንኳኳሁ።

እትዬ አስካለ ራሳቸው ከፈቱ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል። ጀሪካኑን አይተው በሩን እንደያዙት ቆሙ።

«በእርዳታ ነው በነጥብ?» አሉኝ።

«በነጥብ ነው እትዬ።»

«እንደዚያ ሰሞኑ እንዳይሆን።»

«ለማሸነፍ ነው የተጫወትኩት። እስካሁን እልህ እንደያዘኝ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ላቤን አዩ፤ የሚንቀጠቀጠውን እግሬንም አዩ። ከባላቸው ጋር ያን ያህል ዘመን ኖረው እግር ማንበብ ሳይለምዱ አይቀሩም። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱና ነጭዋን ጀሪካን ከጀርባው አወጡ። አቧራዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ክዳኗን ፈቱ፣ ፊቴ አስቀመጧት።

«ሙሉ አድርጊያት» አሉኝ።